ፈረስ የማያስደነግጥ ሞተር

ይህን የምጽፈው የአባቴ ቤት በመጪው ሳምንት ስለሚፈርስ ነው። መንገዱ ይሰፋል ተብሎ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ ቆይቷል። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የበራችን ቀኝ ጎን ለምን ተጠርቦ እንደ ሰፋ፣ ከደፉ ሥርም ድንጋይ ለምን እንደ ተደለደለ የሚያስረዳ ምልክት አይኖርም። ትናንት ልኬት ሊወስድ የመጣው ወጣት ሜትሩን በበሩ ላይ ዘርግቶ፣ «ይኼ በር ለሰው ነው ወይስ ለከብት?» ብሎ ሳቀ።

«ለፈረሰኛ» አልሁት።

ቀልድ መስሎት አለፈ። እኔ ግን አልቀለድሁም።

አባቴ አያ ፈንቴ ፈረሰኛ ነበሩ። መታወቂያቸው ገበሬ ይላል፤ ሰው ሲያነሣቸው ግን የሚያስታውሰው በሬዎቻቸውን ሳይሆን ዳማ ፈረሳቸውን ነው። ከተማችን በጽሑፍ እንጅባራ ብትባልም እሳቸው ቆሰበር ማለትን ሳይተዉ አለፉ፤ ለሰው በአማርኛ፣ ለፈረስ በአገውኛ ይናገሩ ነበር። አንድ የጥቅምት ጧት ከመኝታቸው ሊነሡ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው እንቢ አላቸው። አንደበታቸው ተረፈ፣ ክንዳቸውም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ቀኝ እግራቸው ግን እንደ ደረቀ ግንድ ሆኖ ቀረ። በወስፌ ጠቅ እያደረጉት፣ «ይህ የማን እግር ነው? ባለቤቱ ይምጣና ይውሰድልኝ» ይሉ ነበር። ጠያቂ ሲስቅ አብረው ይስቃሉ፤ ጠያቂው ሲሄድ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ይመልሳሉ። የሚጋልበው የጠፋው ዳማም ለወዳጃቸው ለአያ ዘለቀ በአደራ ተሰጥቶ ወደ አዘና ሄደ።

እናቴ ቀድማ ሞታለች፤ ታላቅ ወንድሜ ለሥራ ሁመራ ገብቷል። ስለዚህ ታሪክ አጥንቼ ከዩኒቨርሲቲ የተመለስሁት እኔ የአባቴ አስታማሚ ሆንሁ። አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ ድንች እቀቅላለሁ፣ የገብስ ቂጣ እጋግራለሁ። በቀረው ጊዜ መጻሕፍቴን መደቡ ራስጌ ደርድሬ አነብባለሁ። የቆሰበር ክረምት ደግሞ ለታሳሪ የተፈጠረ ወቅት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ ጉሙ ከጎረቤት አጥር ወዲህ ያለውን ብቻ ይተውልናል፤ ከውጭ የሚገባው የእርጥብ ከሰል ጭስ ሽታ ነው። ስለ ታላላቅ ጉዞዎች ባነበብሁ ቍጥር ግድግዳው ወደ እኔ የሚጠጋ ይመስለኝ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት ላይ፣ ከየካቲት ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ማስተማር እንደምችል በስልክ ተነገረኝ። ለአባቴ ነገርኋቸው።

«መቼም እኔን አዝለህ አታስተምርም» አሉ። «በጥር፣ ለፈረሰኞች በዓል፣ ሜዳው ድረስ አድርሰኝ። ዳማ ሲጋለብ አንድ ጊዜ ልየው። ከዚያ እኔ እኅቴ ቤት እገባለሁ፤ አንተም መንገድህን ትሄዳለህ።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ያ ሜዳ የሁለታችንም መውጫ ሆነ።

«ባጃጅ እንጥራ» አልሁ።

«ሸራ ተሸፍኜ? ሬሳ ነኝ?»

«እሺ፣ ጋሪስ?»

«ፈረሰኛ ከፈረስ ኋላ ተቀምጦ ጭራ እያየ አይሄድም።»

የቀረው ወንድሜ ትቶት የሄደው፣ ዶሮዎች የሚያድሩበት ሞተር ሳይክል ነበር። ዶሮዎቹን አስለቅቄ ወደ ሳሎን አስገባሁትና ከመደቡ አጠገብ አቆምሁት። ስለ ሞተር የማውቀው ወንድሜ ሲፈታና ሲገጥም ካየሁት የማይበልጥ ነበር፤ ግን ጊዜ ነበረኝ። ጎማ የሚያዞረውን ካቴና በዘይት ዘፈዘፍሁ፤ እሳት የሚጭረውን የጠቆረ ካንዴላ በአሸዋ ወረቀት አጸዳሁ። የቤንዚን ማስተላለፊያዋ ቀዳዳ በዝቃጭ ተደፍና ሽቦ አልገባ ብትለኝ፣ አባቴ ዝንብ ከሚከላከሉበት ጭራ አንድ ፀጉር መዝዘው ሰጡኝ። የዳማ ጭራ ፀጉር ነበር። ቀዳዳዋን ከፈተልኝ። አባቴ፣ «አየህ? ያለ ፈረስ አይነሣም» ብለው ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ከዚያ ማሻሻሉ ተጀመረ። የኋላውን መቀመጫ ነቅዬ የዳማን ኮርቻ አሰርሁበት፤ የኮርቻው ጀርባ ከፍ ያለ ስለ ነበር ለአባቴ ወገብ ድጋፍ ሆነ። ለማይታዘዘው እግራቸው ጎድጓዳ የብረት ማሳረፊያ አስበይጄ በቀኝ በኩል ገጠምሁ። ከሥሩ የሚያልፈው ማርሚታ፣ ጭሱና ድምፁ የሚወጣበት ቧንቧ፣ እንዳይሞቃቸው የዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጬ በመካከል አጋረድሁ።

አባቴ ግን ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ፈረሰኛ ተደግፎ ሲጫን ሰው ሊያየው አይገባም። ስለዚህ ሞተሩ ላይ የሚወጡት ቤት ውስጥ፣ ከመደቡ ላይ ተንሸራትተው፣ ከቤት የሚወጡትም እንደ ተቀመጡ ነው። የእግር ማሳረፊያው በበሩ አላልፍ ሲል ብረቱ እንዲያጥር ለመንኋቸው።

«በሩን ጥረበው» አሉ። «እግሬ ከዚህ በላይ አያጥርም።»

በሩን ጠረብሁ። ሞተሩ ደፉን እንዲሻገር ድንጋዩንም ያን ጊዜ ደለደልሁ።

ሁለተኛው ሕግ ከበደ። ፈረስ የሚያስደነግጥ ነገር ይዘው ሜዳ አይረግጡም። ሞተር ሲያጓራ የደነበረ ፈረስ ጋላቢውን ገደል እንደ ከተተው ሰምተዋል፤ በእሳቸው ዘንድ ይህ ጸያፍ ነው። እኔም ማርሚታውን ፈትቼ ውስጡን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቀጠቅሁት፤ መውጫውንም በተበሳሳ ቆርቆሮ አጠበብሁ። ሳሎን ውስጥ ሳስነሣው ድምፁ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ ሆነ። ጭሱ ብቻ ቤቱን ሞላው።

አባቴ እየሳሉ ጆሯቸውን ሰጡ። «አሁን ጨዋ ሆነ» አሉ። «ስም አውጣለት እንጂ። ያለ ስም ሜዳ ይገባል እንዴ?»

«እርስዎ ያውጡለት፣ አባዬ።»

«አባ ጭስ በለው።»

የበዓሉ ቀን ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነጋ። አባቴ የዱሮ የጨርቅ ገምባሌያቸውን ከቍርጭምጭሚት እስከ ጉልበት አስጠመጠሙኝ፤ ነጭ ኩታቸውን ደረቡ። ከመደቡ ወደ ኮርቻው ሲንሸራተቱ በመስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቅለን ነበር። ከተደላደሉ በኋላ ግን ጎረቤታችን እትዬ ዓለም እንድትገባ ተፈቀደላትና፣ የኮርቻውን ሰፊ ጠፍር በሁለታችን ወገብ ዙሪያ አድርጋ ከአባቴ ጀርባ ቆልፋ አሰረችልን።

«አያ ፈንቴ፣ ሙሽራ መሰሉ እኮ!»

«ሙሽራማ ሚዜውን ታቅፎ አይወጣም።»

በበሩ ስናልፍ ጎንበስ አሉ፤ ከጀርባዬ ትንፋሻቸው ሲፈጥን ሰማሁ። ከአንድ ዓመት በላይ ፀሐይ በመስኮት ብቻ ያገኛቸው ሰው ነበሩ።

የመንገዱ መጀመሪያ መልካም ነበር። ከጥርባ በኩል የሚመጡ ፈረሰኞች ሉጓማቸው እያብለጨለጨ አጠገባችን ያልፋሉ፤ አንድም ፈረስ ጆሮውን አላቆመም። «አያ ፈንቴ! ምን ዐይነት በቅሎ ነው?» ይላሉ። «ገብስ የማትበላ!» ብለው ይመልሳሉ። ደረታቸው በጀርባዬ ላይ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ፣ ደብረ ማርቆስ የደረስሁ ያህል ተሰማኝ።

ወደ ሜዳው የሚያወጣው ዳገት ላይ ግን ሞተሩ መድከም ጀመረ። ማርሽ ብቀንስም ጕልበት የለውም። የታፈነው ጭስ መውጫ አጥቶ ነበር፤ ሙቀቱ እስከ ባቴ ድረስ ይደርሳል። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

«አባዬ፣ የሚቃጠል ነገር አለ።»

«የኮርቻው ጠፍር ይሆናል። ንዳ።»

ጥቂት እንደ ሄድን ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳል አለና ጠፋ። ዳገቱ መካከል ቆምን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በሰዓት ልለካው አልችልም። ፍሬኑን ጨብጬ በሁለት እግሬ መሬቱን ቆንጥጬ ያዝሁ። እኔ ከወረድሁ አባቴ ይወድቃሉ፤ ጠፍሩ ደግሞ ከጀርባቸው ስለ ተቆለፈ እጄ አይደርስበትም። ፈረሶች በግራና በቀኝ እየተከፈሉ ያልፉናል። ከዳገቱ ጫፍ ማዶ የመለከት ድምፅ፣ እልልታና መሬት የሚያንቀጠቅጥ ኮቴ ይሰማል፤ የምናየው ግን ሰማዩንና የሚነሣውን አቧራ ነው።

«ሰው ልጥራና ይፍታን፣ አባዬ።»

«አይሆንም።»

«እግሬ ሊከዳኝ ነው።»

«የእኔ ከከዳኝ ቆየ፤ ይኸው ተቀምጫለሁ። ያዝ።»

አያ ዘለቀ ከሜዳው ብንጠፋባቸው ጊዜ ሊፈልጉን ተመልሰው ወረዱ። ዳማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፈረሱ በቀይ የጀርባ ልብስ፣ በግላስ፣ ተሸልሟል። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው በአገውኛ ጠሩት። ዳማ ጆሮውን አቆመ፤ ድምፁን ዐውቋል። ጥቂት ቀረበ። ከዚያ አፍንጫውን ነፍቶ አሸተተ፤ ዐይኑን አፍጥጦ ወደ ኋላ ዘለለ። አያ ዘለቀ ሉጓሙን ቢስቡ፣ ቢያባብሉ፣ ቢቆጡ አልቀርብም አለ። አባቴ ደጋግመው ጠሩት። ደጋግሞ ሸሸ።

የተዘረጋው እጅ ወረደ።

«ተወው፣ ዘለቀ» አሉ። «ልክ ነው።»

«ገመድ አስሬ ሜዳው ድረስ ልጎትትህ፣ አንተ ሰው! እዚህ ደርሰህ?»

«በገመድ ሜዳ አልገባም። አዙረን።»

አያ ዘለቀ ዳማን ራቅ አድርገው አስረው፣ እንደ ተቀመጥን አዞሩን። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ወረድን፤ ደልዳላውን መንገድ ደግሞ መሬቱን በእግሬ እየገፋሁ ጨረስሁት። የሚመጡት ፈረሰኞች መንገድ ይለቁልናል። ሞተሩ አሁን በእርግጥ ድምፅ አልነበረውም፤ የሚሰማው የጎማውና የጠጠሩ ነበር። አባቴ ለሚያልፈው ሁሉ እንደ ወጉ ሰላምታ ሰጡ። በበሩ ስናልፍ ጎንበስ ማለትንም አልረሱም።

እትዬ ዓለም ጠፍሩን ፈትታ ወጣች። አባቴን ወደ መደቡ አሻግሬ ቀኝ እግራቸውን ከማሳረፊያው ሳነሣ የቀጠቀጥሁት ቆርቆሮ ጠቁሮ ተጣሞ አየሁት። ገምባሌውን መፍታት ጀመርሁ። ባታቸው ላይ ስደርስ ጨርቁ ከሥጋው ጋር መጣ።

ውሃ አፈላሁ፣ አጠብሁ፣ ሸፈንሁ። እሳቸው የሌላ ሰው ቁስል የማጥብ ይመስል እጄን ይመለከቱ ነበር።

«አልሸተተዎትም?» አልሁ በመጨረሻ።

«ሸተተኝ እንጂ። ዳማስ ምን ሸቶት መሰለህ የሸሸው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? አገር እያየኝ አውርዱኝ ልበል?»

ቁስሉ አልሽር አለ። ከፋሲካ በፊት ባሕር ዳር ሆስፒታል እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ሲነቁ፣ «ባለቤቱ መጥቶ ወሰደው?» አሉኝ። የደብረ ማርቆሱ ስልክ ጥቂት ጊዜ ጠርቶ ተወኝ። ክረምቱ ሲገባ፣ ቆርቆሮው መደብደብ በጀመረ ሰሞን፣ አባቴ በመስኮቱ በኩል ዞረው እንደ ተኙ ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት አያ ዘለቀ ዳማን ሸልመው አመጡት። ከሬሳው ኋላ ጸጥ ብሎ ሄደ፤ አልሸሸም።

ከዚያ በኋላ የሚያስረኝ ነገር አልነበረም። ቢሆንም አልሄድሁም። እዚሁ ከተማ አስተምራለሁ፤ በዚሁ በር እገባለሁ፣ እወጣለሁ፤ ቁመቴ አጭር ሆኖ ሳለ ሳልፍበት ጎንበስ እላለሁ። በመጻሕፍት ውስጥ ስለ እስር ብዙ አንብቤአለሁ፤ ጠባቂና ቁልፍ ያለበትን እስር ነው የሚተርኩት። እኛን ያሰረን ክብር ነበር፣ ለፈረስም ለሰውም የሚደረግ ክብር፤ ዛሬም ቢሆን ስሕተት ነበር ለማለት አንደበቴ አይታዘዝም። ትናንት ያ ወጣት ሜትሩን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ በተጠረበው ጎን ላይ እጄን አሳለፍሁ። ማሳረፊያው የፋቀው መስመር አሁንም አለ።

የጠፋው ይህ ነው፦ አንድ ሞተር። አንድ እግር። አንድ አባት። በሚመጣው ሳምንት ደግሞ አንድ በር።