ሳሙና የተቀባ ደጋን

ዓረብ አገር፣ ኹበር ከተማ፣ አል ራዋቢ ሰፈር፣ በቤት ሠራተኝነት የገባሁበት ቤት ሴት ልጅ ቫዮሊን ትማር ነበር። ሙዚቃ ሐራም ነው የሚሉ አጎቶች ስለነበሯት ሳሎን ውስጥ አይፈቀድላትም፤ የምትለማመደው እኔ ልብስ በምተኩስባት ጠባብ ክፍል ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ አብረን ነበርን፤ እሷ ከቫዮሊኗ ጋር፣ እኔ ከአባቷ ነጭ ቀሚሶች ጋር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ገደማ መሆኑ ነው። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን፣ ወላሂ፣ ጆሮዬን በጥጥ ልደፍነው ምንም አልቀረኝም። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ማሲንቆ ሲያለቅስ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የእሷ ግን ሲጢጥ የሚል በር ነበር። አስተማሪዋ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣች፣ ባሏ መሐንዲስ የሆነ ቀጭን ሴትዮ ናት። አረብኛዋ ከእኔም የባሰ ስለነበር ገና ሳያት ወደድኳት። ለልጅቷ አንድ ረጅም፣ ቀስ ያለ፣ አጃቢ የሌለው የጥንት ሙዚቃ ሰጠቻት። ልጅቷ እሱን ይዛ ከረመች። አንዲት ቦታ ላይ ትደርስና ትስታለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ እንደገና ትስታለች። ሳላስበው እኔም ያችን ቦታ እየጠበቅኩ መተኮስ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሳትስት አለፈቻት። ካውያውን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁና የአባትየው ቀሚስ እጅጌ ላይ ቡናማ ምልክት ወጣ። እናቷ፣ ማዳም፣ ስትጠይቀኝ፣ "ካውያው ሙሽኪላ አለው፣ ተበላሽቷል" አልኳት።

ልጅቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። አስተማሪዋ የተማረችበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት አገሯ አለ፤ ያ ሙዚቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ያለ አጃቢ፣ ሳይቆራረጥ ተቀርጾ ይላካል፤ ትምህርት ቤቱ ከተቀበላት አባቷ ሊልካት ቃል ገብቷል። "ባባ ቃሉን አያጥፍም" ትለኛለች። "አንቺንም እወስድሻለሁ።"

"ኢቃማዬንስ ማን ሊያወጣልኝ ነው?" እላታለሁ፤ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቴ ነው። እንስቃለን።

ከዚያ የአክስቷ ልጅ ሠርግ ደረሰ። የዚያ አገር የሴቶች ሠርግ ወንድ ዝር የማይልበት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ካሜራ ያለው ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁሩ መደረቢያ፣ ዓባያው፣ ይወልቅና ጭፈራ ነው። ማዳም በሳተላይት ቴሌቪዥን አንዲት ሴት አይታ ነበር። ሴትየዋ የድሮውን ሙዚቃ አሳጥራ፣ ከሥሩ ከበሮ ጨምራ፣ በጭስና በመብራት መሐል ፀጉሯን እየበተነች ቫዮሊን የምትጫወት፣ ሲዲዋ በየሱቁ የሚሸጥ፣ ስታዲየም የምትሞላ ናት። "የኔ ልጅ ከሷ በምን ታንሳለች?" አለች ማዳም። ልጅቷ የቴሌቪዥኗን ሴት ሙዚቃ አጥንታ ከተቀዳ ከበሮ ጋር ተጫወተችው። ሴቶቹ ወንበር ላይ ቆመው አጨበጨቡ። እኔም ጥግ ላይ ሆኜ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ አልዋሽም፣ ደስ ይላል።

ከዚያ በኋላ ጥሪው ጎረፈ። ደማምም ኹበርም ያሉ ቤተሰቦች የሠርጋቸውን ቀን እሷን በሚመቻት ቀን ማድረግ ጀመሩ። ፎቶ የለ፣ ቪዲዮ የለ፤ ዝናዋ የሚሄደው በሴቶች አፍ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም ይፈጥናል። ዓርብ ዕረፍት ሲሰጠኝ የአገሬ ልጆች ተጨናንቀው ወደሚኖሩባት ቱቅባ እሄዳለሁ፤ እዚያም ወሬው ቀድሞኝ ይደርሳል።

የአዳራሹን ድምፅ ማጉያ የምታዝ ሴትዮ ግን አልተመቻትም። የልጅቷ ቫዮሊን በማጉያው ሲወጣ ይሰነጥቃል፣ ከከበሮውም ይጋጫል አለች። መላም ነበራት፦ ቫዮሊኑም እንደ ከበሮው ተቀድቶ ከፍላሹ ይምጣ፣ ልጅቷ እጇን ብቻ ታንቀሳቅስ። እጅ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ቫዮሊኑ መጮሁ አይቀርም፤ ለዚያም መላ አላት። የደጋኑ የፈረስ ጭራ ሳሙና ከተቀባ ድምፅ የሚባል አይወጣውም፤ ሌሎቹ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት አለች። ማዳም ወደ እኔ ዞረችና፣ "ሳቡን አምጪ" አለችኝ።

ደረቅ ሳሙና አመጣሁ። አገሬ አዝማሪው ደጋኑን እጣን ሲያሸው አይቻለሁ፤ ጭራው የሚዘፍነው በዚያ ነው። ይኸኛው የተገላቢጦሽ መሆኑ ገባኝ። ልጅቷ ሳሙናውን አየች፣ እኔን አየች። ምን ልበል? እናቷ ናት፣ ቤቱ ቤቷ ነው፣ እኔ በሷ ኢቃማ የቆምኩ ሰው ነኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ውስጤ የነቀዘ ነገር ያለ መሰለኝ።

ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ለልምምድ ሌላ ንጹሕ ደጋን ገዛችላት። የእኔ ሥራ ደግሞ በየሠርጉ የተቀዳውን ሙዚቃ የሚያስጀምረውን ቁልፍ መጫን ሆነ። ልጅቷ ቫዮሊኑን ትከሻዋ ላይ ታስተካክላለች፣ ደጋኑን ታነሳለች፣ ወደ እኔ ዞራ ታየኛለች፤ ያን ጊዜ እጫናለሁ። አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም። ሲነጋጋ እንመለሳለን፣ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች። ስትነቃ የምትለማመደው መስታወት ፊት ነው፤ አንገት ማዘንበሉን፣ ፀጉር መበተኑን፣ ፈገግታውን፤ እሱንም በሳሙናው ደጋን። የመተኮሻዋ ክፍል ጭር አለች። ያ ሲጢጥ የሚል በር ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

አስተማሪዋ እየመጣች፣ ልጅቷ ተኝታለች እየተባለች ትመለስ ነበር። አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ሻይ ሰጠኋት። ስለዚያች የቴሌቪዥን ሴት ክፉ ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ፣ "እሷ አዳራሽ ትሞላለች" አለችኝ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዋ። "እኔ ሞልቼ አላውቅም።" ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ለማዳም አንዴ ነገር ለማንሳት ሞክሬያለሁ። "ያ የመምህሯ ሙዚቃ ቀረ እኮ" አልኳት ወለል እየወለወልኩ።

"ያ ለቅሶ?" አለችኝ፣ ሳትቆጣ። "ማን ይሰማዋል? እዚያ ድረስ ሄዳ ዓመት ሙሉ ተምራ መጨረሻ ላይ የምትፈልገው ምንድን ነው? ሰው እንዲወዳት አይደል? ይኸው ወደዷት።"

ጨርቄን ባልዲው ውስጥ ነክሬ ጨመቅኩት።

ቱቅባ ላለችው ጓደኛዬ ብነግራት እሷም አልራራችልኝም። "አንቺ ምን ጥልቅ አደረገሽ እቴ? ልጅቷ ታወቀች፣ እናትየዋ ደስ አላት፣ ኸላስ፣ አለቀ። አፍሽን ስትከፍቺ ፓስፖርትሽ ላይ ኹሩጅ፣ የመውጫ ማኅተም፣ ተመትቶብሽ አገርሽ ትገቢያለሽ። ዱዓ አድርጊላትና ሥራሽን ሥሪ።" ዱዓ አደረግኩ። ሌላ ምን እጅ አለኝ?

የአስተማሪዋ ባል የሥራ ውል አለቀ። ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ትንሽ መቅረጫ ይዛ መጣች። "ዛሬ ካልሆነ አይሆንም" አለች። ሳሎን እንግዳ ስለነበር የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ አጥፌ ክፍሏን ለቀቅኩላቸው፤ ልጅቷ ግን "አትውጪ" ስላለችኝ በሩ ሥር ቆምኩ። ንጹሑን ደጋን ሙጫ አሸችው፣ ጀመረች። ያችን ቦታ ሳትደርስባት ሳተች። አስተማሪዋ፣ "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ከመጀመሪያው" አለቻት። ሁለተኛም ሳተች፤ አሁን ደግሞ ቀድሞ ስታ የማታውቀውን ነው። ጣቶቿ በሚያምር አኳኋን ይሄዳሉ፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ከጣቶቿ ጋር አይተዋወቅም። ሠርግ ቤት ስትስት ሰምቷት የሚያውቅ የለም፤ ራሷም አልሰማችም። አሁን እየሰማች ነው፤ ፊቷ ቀላ።

አስተማሪዋ ፀጉሯን ዳበሰቻት። "ቀስ በይ። ዝግጁ ስትሆኚ አንቺ ራስሽ ጀምሪ" አለቻትና መቅረጫውን ከፈተች።

ልጅቷ ቫዮሊኑን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ደጋኑን አነሳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና አየችኝ፤ ጠበቀችኝ። እንደ ለመደችው ነው። የኔም አውራ ጣት በራሱ ተንቀሳቀሰ፤ የሚጫነው ቁልፍ ግን አልነበረም። ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም፤ እኔም ከሷ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ክፍሏ ውስጥ የሚሰማው የመቅረጫው ድምፅ ብቻ ነበር። አስተማሪዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየችና እጇን ዘርግታ አጠፋችው።