የማንጎ ልጣጭና የማጀቴው ሐጂ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ ማንጎ በየመንገዱ ዳር በሚቆለልበት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጥላ ሥር እንኳ ቁጭ ብሎ በሚያልብበት ሰሞን። እስካሁን በረኪና ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሱቅ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ስስቅ ያዩኝ ሰዎች ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ይበሉ።

ነገሩ የጀመረው ከደረቴ ነው። ወለል በበረኪና ባጸዳሁ ቁጥር ስስል ነው የምውለው። አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንዲት ሴት ቤቷን በፍራፍሬ ልጣጭ ስታጸዳ አየሁ። የማንጎና የሎሚ ልጣጭ ከስኳርና ከውሃ ጋር ጀሪካን ውስጥ ከትቶ ማቆየት ነው። በየቀኑ ክዳኑን ከፈት እያደረጉ ማስተንፈስ፣ ሲደርስ አጥልሎ በውሃ እያቀጠኑ መወልወል። መርዝ የለው፣ ደረት አይዝ፣ አካባቢ አይበክል! ልጣጭ እንደሆነ ሮቢት ሞልቷል።

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ብዙም ሳይቆይ ቤቴ ውስጥ የዘይት ጀሪካን ያልተደረደረበት ጥግ ጠፋ። ለሰፈሩ ሁሉ ሰበክሁ። በረኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ካየሁ ከሱቁ በር ላይ እመልስ ነበር።

እትዬ ጌጤ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጠላ ጠምቀው ይሸጣሉ። አንድ ቀን መጥተው ጀሪካኖቼን አዩና፣ "ዘሙዬ፣ አንቺ እኮ የጀመርሽው ጥንስስ ነው" አሉኝ።

"አስተግፊሩላህ! እትዬ፣ ይሄ ማጽጃ ነው" አልኩ ተቆጥቼ።

"እሺ ማጽጃ ነው። የኔም እኮ ሆድ ያጸዳል" ብለው እየሳቁ ሄዱ።

እናታችን ከሞተች በኋላ ታናሽ እህቴን ሃያትን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ሃያት ማጀቴ ከሚባለው አገር ልጅ ወደደች። ልጁ ጨዋ ነው፤ የሚያስፈሩት አጎቱ ሐጂ ሙሄ ናቸው። ሐጂ ማሽላቸውን ወደ ሮቢት ገበያ ያወርዳሉ፤ ለጠላ ጠማቂ ግን አንድ ቁና አይሸጡም። "እኔ ያመረትሁት ለስካር አይውልም" ይላሉ። እትዬ ጌጤን ስንቴ ባዶ ስልቻ አሸክመው እንደመለሷቸው እኔ ነኝ የማውቀው። እትዬም ቂም ይዘዋል።

እንግዲህ እኚህ ሐጂ ናቸው ሽማግሌ ሆነው የሚመጡት። በመጀመሪያው ጊዜ አጎታችን ሰይድ እንደ ወጉ "ተመካክረን መልስ እንሰጣለን" ብሎ መልሷቸዋል። አሁን የሚመጡት ቀን ለመቁረጥ ነው። ሃያት ከጭንቀቷ የተነሳ እህል አልቀምስ ብላለች።

በዕለቱ ማጽጃዬን አወጣሁ። ሌላ ጊዜ በውሃ አቀጥነው ነበር፤ ለሽማግሌ ግን ምን ይሰስታል? እንዳለ ደፋሁት። ወለሉን፣ መስኮቱን፣ በሩን፣ የሶፋውን እግር ሳይቀር አሸሁት። ቤቱ እንደ መስታወት አበራ።

አጎቴ ሰይድ ገና ከበሩ ሲገባ አፍንጫውን ያዘ። "ዘምዘም! ምን ጉድ ነው? ቤቱ ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይላል!"

የኔ አፍንጫ ለካ ለምዶታል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ስብከቴ ቀረና፣ "በረኪና ይምጣ!" ብዬ ጮህኩ። አልደረሰም፤ እንግዶቹ ደጃፍ ላይ ሰላምታ ጀምረዋል። በዝግጅቱ ሩጫ ሰሞኑን ያላስተነፈስኋቸውን ጀሪካኖች፣ እንዳይሸቱ ብዬ ክዳናቸውን ባለኝ ጉልበት ጠርቅሜ ከሶፋው ኋላ ወሸቅኋቸው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። የት ይቀመጡ? ሶፋው ላይ።

ስለ ዝናብ ተወራ፣ ስለ ማሽላው ተወራ። የቀረበላቸውን ውሃ ማንም አልነካም፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ አይቀምስም። የሐጂ አፍንጫ ግን ሥራ አልፈታም።

"ሰይድ፣ ይህ ቤት እንግዳ ይበዛበታል?" አሉ በመጨረሻ።

"ዘመድ ይመጣል ሐጂ።"

"ዘመድ። እህ። ሲመጣ ያመሻል?"

አጎቴ ላቡ ተንቆረቆረ። እኔ አላስቻለኝም፣ ከጓዳ ብቅ አልኩ። "ሐጂ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ የቤት ማጽጃ ነው! የማንጎ ልጣጭ ነው!"

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። "እንዲህ ያለ ልጣጭ ማጀቴ የለም ልጄ" አሉኝ ረጋ ብለው። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ፦ "እኛ አንቸኩልም። ለሌላ ጊዜ እናድርገው።"

በሽማግሌ አፍ ሌላ ጊዜ ማለት መቼም አይሆንም ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሃያት ጓዳ ሆና ስትንሰቀሰቅ ይሰማኛል። እውነቴን ተናግሬ፣ ያውም ምዬ፣ የእህቴን ትዳር በልጣጭ ማፍረሴ ነው። ሐጂ የመሰነባበቻ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

ጧ!

የአንዱ ጀሪካን ክዳን ቆርቆሮውን ጣራ መትቶ ድምፁን ደገመው። በኛ አገር እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ምንድነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ወደ መሬት ነው። ሦስቱም ሽማግሌዎች ወለሉ ላይ ተዘረሩ፣ አጎቴም፣ እኔም። ሁለተኛው ጀሪካን ቀጠለ። አረፋው እንደ ዝናብ ወረደብን።

ጸጥ ሲል ቀና አልኩ። የሐጂ ነጭ ጀለብያ ማንጎ መስሏል። ከጥምጣማቸው ላይ አንድ ረዘም ያለ ልጣጭ ተንጠልጥሏል።

በዚህ መሃል እትዬ ጌጤ፣ "ምን ሆናችሁ? ማን ተመታ?" እያሉ በሩን በርግደው ገቡ። ቆሙ። አሸተቱ። መሬት ላይ ያሉትን ሰውዬ ለዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ሐጂ! አንቱም?"

ሐጂ ተስፈንጥረው ተነሱ። "ወላሂ ማጽጃ ነው! የቤት ማጽጃ ነው! የማንጎ ልጣጭ ነው ጌጤ፣ ጠይቂያት!" ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

"ይሁን ሐጂ" አሉ እትዬ። "ከኔ ቤት ጠጥቶ የሚወጣውም ሁሉ ለሚስቱ አንድ ነገር ይላታል።"

ሐጂ ወደ ደጁ አዩ። ድምፁን የሰማ ሰፈርተኛ ሁሉ አጥራችን ላይ ተሰብስቧል፤ የዐስር ሶላት ደርሷል፤ እሳቸው ደግሞ እንደ ጠላ ቤት ይሸታሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እርጥቡ ሶፋ ላይ ተቀመጡና ውሃቸውን አንስተው ጠጡ።

"ሰይድ፣ ቀኑን እንቁረጥ" አሉ። "አንቺ ልጄ፣ በመጀመሪያ ውጪና ለሰዉ ምን እንደሆነ ንገሪልን። በደንብ አድርገሽ ንገሪ።"

ወጣሁ። በደንብ አድርጌ ነገርኩ። ሽማግሌዎቹ ታጥበው፣ ከአጎቴ ቤት የመጡ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የማይደርሱ ጀለብያዎች ለብሰው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ሃያት አሁን ማጀቴ ትዳሯ ውስጥ ናት፤ አልሃምዱሊላህ። እኔም ደስ ይለኛል፣ ደግሞ ይቆጨኛል። ስምል ያላመነኝ ሰው ሲረጥብ አመነኝ። ማጽጃውን ዛሬም እሠራለሁ፤ ክዳኑን ግን ላላ አደርጋለሁ።

ሐጂ ማሽላ ይዘው ሲመጡ አሁን ለእትዬ ጌጤም ይሰፍሩላቸዋል። "ለእንጀራ ነው አይደል?" ይሏቸዋል ጮክ ብለው። እትዬም፣ "ለእንጀራ ነው ሐጂ" ይላሉ። ከአጥር ማዶ የሚመጣው ሽታ የምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ወላሂ እኔ በሽታ አልመሰክርም።