በመዝገበ ቃላቱ ሽፋን ውስጥ የቀረው ደብዳቤ

ዱቄት በውሃ በጥብጠው ቀስ እያሉ ሲያፈሉት የሚወጣ የሙጫ ሽታ አለ። በልጅነቴ ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነበር። አባባ መጽሐፍ ጠራዥ ነበርና፣ ከመኝታችን ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ሲጠርዝ ይውላል። አገሩን ለጠየቀው ደንበኛ ሁሉ፣ «ይቺ ወንበር» ብሎ የተቀመጠባትን ያሳያል። ሰዉ ይስቃል፤ ወሬውም እዚያው ላይ ያበቃል።

ሐኪሙ ዓይኑ ዓመት እንደማያደርሰው የነገረው ዕለት ግን መቁረጫውን አስቀመጠና፣ «እህት አለችኝ» አለኝ። በስድስት ዓመቱ አባቱ ድንበር አሻግሮት፣ እናቱ ጡት ከምትጠባ እህቱ ጋር ማዶ ቀርታለች። «ሳልታወር ፊቷን ልይ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ወደሚያፈላልገው ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቅጹን ገልብጣ አየችው።

«አባቴ፣ የትውልድ ቦታዎን ባዶ ተዉት እኮ። ከየት ልጀምር?»

«ወንዙን አውቀዋለሁ። ቀይ ነው።»

«ወንዝ በቀለሙ አልመዘገብንም» አለች፤ ክፋት አልነበረባትም። «የቦታውን ስም ብቻ ያምጡልኝ።»

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ጨበጠ። «ስሙ ተጽፎልኝ ይሆናል። ሃያ ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ደብዳቤ ላከች። ጥላህ የቀረች ናት እያሉ አሳድገውኛል፤ ተናደድኩ፣ አላነበብኩትም። ያን ሰሞን የሰፈራችንን መምህር መዝገበ ቃላት እየጠረዝኩ ነበር። ለሽፋኑ ማጠንከሪያ ወረቀት አነሰኝና ደብዳቤውን እዚያ ለጠፍኩት።»

መምህሩ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ቤታቸው ሄደን ስንነግራቸው መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርደው ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ገጽ አልተነቀለም! አንተ ነህ እንግዲህ የምትገነጥለው?»

«መልሼ እጠርዘዋለሁ፣ መምህር።»

«በየትኛው ዓይንህ?» አሉት። ወዲያው በተናገሩት አፍረው መጽሐፉን ሰጡት።

አባባ ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ እየነከረ የሽፋኑን ቆዳ አራሰው። ከካርቶኑ ላይ ሦስት ጋዜጣ ተላጠ፤ በአራተኛው የእጅ ጽሕፈት ወጣ። ለእኔ ዘረጋልኝ።

«አንብቢው።»

አነበብኩለት። «ልጄ፣ ይህ ስድስተኛ ደብዳቤዬ ነው። አባትህ እየደበቀብህ እንደሆነ ጠርጥሬ ድንበር በሚሻገር ሠራተኛ እጅ ልኬልሃለሁ። እህትህ ጸጉሯን ራሷ መሥራት ጀምራለች፤ ወንድሜ መቼ ይመጣል እያለች ታደርቀኛለች። እንዳትጠፋብን፣ ያለንበትን ቦታ ስም ከላይ በትልቁ ጽፌልሃለሁ።»

«ከላይ ምን ይላል?»

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ከላይ ምን ይላል?»

«ከላይ የለም፣ አባባ። ተቆርጧል።»

አውራ ጣቱን በወረቀቱ ጫፍ ላይ አሳለፈ። ቀጥ ያለ፣ ያልተዛነፈ አቆራረጥ ነበር፤ ለሽፋኑ ልክ።

«የእኔ እጅ ነው» አለ።

«ቁራጩን የት አደረግኸው? እስቲ አስታውስ!» አሉ መምህሩ።

«ቁራጭ ምን ይደረጋል፣ መምህር? ይጠረጋል።»

መምህሩ፣ «እህትህ ራሷ ትፈልግህ ይሆናል፤ ቁጭ በል እንጂ፣ ሻይ ላፍላ» እያሉ ተነሡ። አባባ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አኖረ። በሩን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።