ብሬን በጥሬው የከለከሉኝ የእቁብ ዳኛ

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። የማልረሳው ሰውየው እስከዛሬ ደስ ስለማይሉኝ ነው።

ያኔ አቃቂ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ምኞቴ የራሴን የስፌት ማሽን ገዝቼ ከአለቃ ጩኸት መገላገል ነበር። ለዚህ ብዬ ከሥራ ስመለስ ግማሹን መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ፤ የተረፈችውን የታክሲ ብር የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ እከታለሁ። እሑድ እሑድ ጣሳውን አራግፌ እቁብ እጥላለሁ።

የእቁባችን ዳኛ ጋሽ ከድር ናቸው፤ አቃቂ በሰቃ ክርና ቁልፍ የሚሸጡ፣ ፊታቸው የማይፈታ ነጋዴ። ያረፈደ ይቀጣል። አንዷ እናቷ ሞታባት ብትቀር ቅጣቱን አስከፍለው ነው ለቅሶ የደረሷት።

አንዱን ሕግ ግን ያመጣሁት እኔው ነኝ። በፊተኛው ዙር የደረሰኝን ብር ታላቅ ወንድሜ ለሠርጉ ተበደረኝና ውሃ በላው። በዚህ ተቃጥዬ፣ "ስንገባ የምንገዛውን ነገር እናስመዝግብ። እጣ ሲወጣ ዳኛው አብረው ሄደው ያስገዙን እንጂ ብር በእጅ አይሰጥ" አልኩ። ሁሉም ወደዱት። ጋሽ ከድር ደብተራቸው ላይ ጻፉት፤ ፈረምን። እኔ "የስፌት ማሽን" ብዬ አስመዘገብኩ።

እጣው ለእኔ በወጣ በሦስተኛው ቀን ወንድሜ መጣ። ባጃጅ ሊገዛ ብር ጎድሎታል።

"በእናታችን አጥንት፣ በሦስት ወር እመልስልሻለሁ" አለኝ።

እናቴን ከጠሩብኝ አለቀ። እሺ አልኩት።

እሑድ ሁለቱን ዋሶቼን ይዤ ጋሽ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ማሽኑን እንደተውኩት ነግሬ ብሩን በጥሬው እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው።

"አይሆንም።"

"የእኔ ብር አይደለም እንዴ?"

"ያንቺ ነው። ነገ ጠዋት ማሽኑን እንገዛለን።"

ደሜ ፈላ። አንቱታውን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። "አንተ ሌባ" አልኳቸው፣ ሰው ፊት። ከማሽን ሻጩ ጋር ተመሳጥረህ ነው፣ በላቤ ልትነግድ ነው፣ ያላልኩት የለም። ደጃፉ በሰው ተሞላ።

እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ገለጡ። ሕጉን ጮክ ብለው አነበቡና ከሥሩ ያለውን የመጀመሪያ ፊርማ በጣታቸው አሳዩኝ። የእኔ ነው።

"ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?" አሉኝ። "'ብሩን በእጄ እንዳይሰጡኝ' ያለችኝ እሷ ናት። ከእሷ ጋር ተጣዪ።"

ዋሶቼ ሳይቀሩ ሳቁ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ማሽኑን አስገዙኝ። ከሻጩ ጋር ተከራክረው ዋጋውን አስቀነሱ። ከተረፈው ላይ ደግሞ "የስድብ ቅጣት" ብለው ቆረጡና መልሱን ሰጡኝ። አላመሰገንኳቸውም።

ወንድሜ አኮረፈኝ። ብሩን ከአክስታችን ተበደረ። ባጃጁ እስከዛሬ ይሠራል፣ ደህና ገቢም አለው። የአክስቴ ብር ግን አልተመለሰም። ፌርማታ ቆሜ ካየኝ ጥሩምባውን ነፍቶ ያልፋል።

እኔ ዛሬ ቤቴ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ጣሳዋም አልቀረችም፤ ከእያንዳንዱ ዩኒፎርም ድርሻዋን ታገኛለች። ጋሽ ከድርን ግን አሁንም አልወዳቸውም። ክር እንኳ የምገዛው ከሌላ ሱቅ ነው፣ ያውም በውድ። ሌባ ለማለት የፈጠነው አፌ ይቅርታ ለማለት ግን እምቢ ብሎኛል።

ቢሆንም እሑድ ሲሆን ከሁሉም ቀድሜ ደጃፋቸው የምገኘው እኔ ነኝ። አዲሱ ዙር ሲጀመር ደብተሩን ገልጠው ምን እንደምገዛ ጠየቁኝ።

"ሁለተኛ ማሽን" አልኳቸው።

ጻፉት፤ ፈረምኩ። ከዚያ ፊታቸውን ሳላይ፣ "ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ" ብያቸው ወጣሁ።