አምስት ትእዛዝ ለልጅ ልጅ

ጠዋት ጠዋት ፎቶ ቤቱ እንደተከፈተ፣ ገና መብራት ሳይበራ፣ ጋሽ ቀናበል ከካሜራው ፊት ያለውን አግዳሚ ወንበር በቢጫ ጨርቅ ይወለውላሉ። የሚጀምሩት ሁልጊዜ ከቀኝ ነው። የቀኙን ግማሽ ሁለቴ፣ የግራውን አንዴ። ከዚያ ጨርቁን አራት አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል። ወንበሩ ላይ ከትናንት ወዲህ የተቀመጠ ሰው ላይኖር ይችላል። አሁን ሁሉም ስልክ አለው።

ቀናበል ስማቸው አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ ካሜራ ፊት አገጩን የደፋውን ሁሉ «ቀና በል» ሲሉ የሰፈር ልጆች ያወጡላቸው ነው። መንገድ ላይ ሲጠሯቸው ራሳቸው ቀና ይላሉ፤ ልጆቹም ለዚሁ ሲሉ ይጠሯቸዋል።

እኔ ከፎቶ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ስፓኒሽ አስተምራለሁ። የተዋወቅነው ጉርድ ፎቶ ልነሣ ገብቼ ነው። ሥራዬን ስነግራቸው ካሜራውን ትተው መጡና አጠገቤ ቆሙ። ልጃቸው ባሕር ማዶ አግብታለች። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፤ ሕፃኗ ያደገችው በአባቷ እናት እጅ ስለሆነ ከስፓኒሽ በቀር አትናገርም። ከሁለት ወር በኋላ ለስምንት ቀን ሊመጡ ነው።

ግድግዳው ላይ ልጃቸው ከአንድ ዓመቷ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ፣ በየልደቷ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ የተነሣቻቸው ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ከመጨረሻው ቀጥሎ አንድ ባዶ ክፈፍ አለ። እዚያ የሚገባውን ፎቶ በራሳቸው አፍ አዘው ማንሣት ፈልገዋል።

«አስተርጓሚ መሃል ከገባ ፊት ይኮሳተራል» አሉኝ። «ለሰላምታው እናቷ አለችላት። አንቺ የሥራዬን ቃል ብቻ ስጪኝ።»

አምስት ቃል መረጥን፦ ተቀመጪ፣ ተበጠሪ፣ ዙሪ፣ ተጠጊ፣ ሳቂ። ሲዬንታቴ፣ ፔይናቴ፣ ጊራቴ፣ አሴርካቴ፣ ሪየቴ። መጀመሪያ ላይ ጭራዋን «ቴ» ይረሷት ነበር። «ሲዬንታ» ብቻ ካሉ ሌላ ሰው አስቀምጪ እንደማለት ነው አልኳቸው። ሰው በራሱ ላይ የሚያደርገውን ነገር ስናዝዘው «ራስህን» የምትለዋ «ቴ» ከግሱ መጨረሻ ላይ ትለጠፋለች። በሌላው ንግግር ከፊት ለብቻዋ ትቆማለች፤ አድርግ ሲባል ግን ወደ ኋላ ትሄዳለች። ድምፁም የሚጠነክረው ቀድሞ በነበረበት ቦታ ነው፤ ጭራዋ ላይ አይጮኽም።

«የኛም እኮ አለችው» አሉ። «ተቀመጪ፣ ተጠጊ፣ ተበጠሪ። የኛ ‹ተ› ከፊት ቆመች፣ የነሱ ከኋላ። ቤተሰብ ስታነሺም እንደዚሁ ነው። አጭሩ የትም ይቁም፣ ዋናው አለመቆረጡ ነው።»

ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ስወጣ እየገባሁ አስጠናኋቸው። ባዶውን አግዳሚ እያዘዙ ይለማመዱ ነበር። በመሃል ስለ ባለቤታቸው አወሩልኝ። ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሕይወት ሳሉ በየጠዋቱ የመጀመሪያዋ ተነሺ እሳቸው ነበሩ፤ ብርሃኑን ለማስተካከል ከአግዳሚው በስተቀኝ ይቀመጣሉ። ዳሩን ስለሚወዱ ወደ መሃል እስኪመጡ ጭቅጭቅ ነበር። አንዳንዴ ካሜራው በራሱ እንዲያነሣ ይጠመዳል፣ ጋሽ ቀናበል ሮጠው በግራ በኩል ይቀመጣሉ። «ከፎቶዎቹ ግማሹ ላይ ጀርባዬ ብቻ ነው ያለው» አሉ፣ እየሳቁ።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት አዲስ ሸሚዝ ለብሰው በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ሕፃኗ ገና እግሯ እንደገባ፣ አርባ ዓመት በለመዱት የሥራ ድምፅ «ሲዬንታቴ» አሏት። ቃሉ እንከን አልነበረውም። ልጅቷ ግን እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። «ሪየቴ» አሏት። አለቀሰች።

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። እሳቸው ሌላ ቃል የላቸውም፤ ቃላቸው ሁሉ ትእዛዝ ነው። እኔም ጥፋቱ የኔ መስሎ ተሰማኝ፤ «ነይ የኔ ቆንጆ» የሚለውን ሳላስተምር ቀርቻለሁና። በአምስተኛው ቀን ልጃቸው መረራት።

«አባዬ፣ ከመጣን እኮ ልጅቷን ከማዘዝ በቀር ምንም አላልካትም።»

ጋሽ ቀናበል ካሜራውን በጨርቅ ሸፈኑት፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷ ስትመጣ ዝም ብለው ያይዋት ጀመር።

በስምንተኛው ቀን ታክሲው ከመድረሱ በፊት ሊሰናበቱ መጡ። ሻንጣዎቹ በር ላይ ናቸው። እኔም ከፎቅ ወርጄ ነበር። እናትየው ስልክ ስታነጋግር ልጅቷ ጨርቁን ከካሜራው ላይ ሳበችው። በርጩማ ጎትታ ወጣችበትና ከካሜራው ኋላ ጭንቅላቷ ብቻ ታየ።

«ሲዬንታቴ፣ አቡዌሎ» አለች፤ አያቴ፣ ተቀመጥ ማለቷ ነው። ድምፁ የሳቸው ነበር፤ ወፍራም አድርጋ፣ ግንባሯን አኮሳትራ።

ጋሽ ቀናበል ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ሄደው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ማንም አንሥቷቸው አያውቅም።

«ፔይናቴ» አለች። ከደረት ኪሳቸው ማበጠሪያ አውጥተው ያለችውን ጥቂት ፀጉር አበጠሩ። «ጊራቴ» አለች፤ ትከሻቸውን አዞሩ። «ሪየቴ» ስትል ሳቁ፤ ታዘው ሳይሆን ከልባቸው። «አሴርካቴ፣ አቡዌሎ፣ አሴርካቴ» አለችና በእጇ መሃሉን አሳየቻቸው፤ በግራ በኩል ዳር ላይ ነበሩ። አልተንቀሳቀሱም። ሰልችቷት ቁልፉን ተጫነችው።

ታክሲው ጡሩምባ ነፋ። የሷን ፎቶ ለማንሣት ጊዜ አልቀረም። ባዶው ክፈፍ ውስጥ አሁን እሳቸው አሉ፤ ትንሽ ዘመም ብለው፣ ከአግዳሚው በግራ፣ ቀኙ ባዶ። የገባ ሰው ሁሉ ለምን ዳር ተቀመጡ ይላቸዋል። «ፎቶ አንሺዋ ጀማሪ ናት» ይላሉ።

ይህን ልጽፍ ስጠይቃቸው ጻፊው አሉኝ፤ «አንዷን ነገር ብቻ ተዪልኝ። ሽማግሌው ቃዠ ይላሉ።» ሦስት ጊዜ ትቼ ጻፍኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ወንበሩ ባዶ ሆነብኝ።

ልጅቷ መሃሉን እያሳየች «አሴርካቴ» ስትል፣ ጋሽ ቀናበል ወደ ባዶው ቀኝ ዞረው፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «ተጠጊ እንጂ» አሉ።