ለጎረቤቴ ጌም ቤት የሰጠሁት ምክር

ጌም በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት፣ ሲመጣ የጌም ማሽን መግዛት ቀረ ይባላል። አልቀረም። እኔ ግን ይህን ከማወቄ በፊት የጎረቤቴን ሁለት ማሽኖች አስሸጥኳት።

ጎረቤቴ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ከአጥራችን ቀጥሎ፣ የሳሎኗን ግማሽ ጌም ቤት አድርጋ የምትኖር የዕድሜ እኩያዬ ናት። የሁለት ልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚያው ነው። ደንበኞቿ ፒያሳ ስትፈርስ የተረፉት ወርቅ ቤቶች ሠራተኞች ናቸው፤ በምሳ ሰዓት እየወረዱ የኳስ ጌም ይጫወታሉ። ደንቡ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ማንም ያሸንፍ፣ ቤቱ ይከፈለዋል።

እኔ ደግሞ አንባቢ ነኝ። በማኪያቶ እያወራረድኩ የትልልቆቹን ኩባንያዎች ፉክክር አጥንቻለሁ። አንዱ «በወር ክፈሉና ያቀረብኩላችሁን ሁሉ ተጫወቱ» ይላል። ሌላው «ጌሙን ግዙ፣ ማሽኑን ብቻ ከእኔ ተከራዩ» ይላል። በሁለቱም ማሽኑ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ምስሉን በኢንተርኔት ይልካል። የወሩ ይሻላል ብዬ ፈረድኩ። ያነበብኩት ሁሉ ኔትወርክ በማይቆራረጥበት አገር የተጻፈ መሆኑን ልብ አላልኩም፤ የተማረ ሰው በትንሽ ነገር አይጨነቅም።

ማሽኖቹን ሸጠች፤ በገንዘቡ አዲስ ጆይስቲክ ገዝታ ፈጣን የተባለውን ኢንተርኔት አስገባች። የወሩን ክፍያ ውጭ አገር ያለች እህቷ በካርድ ከፈለችላት።

በመጀመሪያው ቀን ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ኳሷ ጥቂት አስባበት ተንቀሳቀሰች። እስከዚያ ጎል ገባበት።

«ክፈላ» አለው ያገባው።

«ማን ተሸነፈ? እኔ መትቻለሁ፤ የቆመው ኔትወርኩ ነው።»

«እና ኔትወርኩ ይክፈል?»

«ሂድና ጠይቀው፤ ባሕር ማዶ ነው ያለው።»

በሳምንቱ በዚያ ቤት የሚሸነፍ ሰው ጠፋ። ሁሉም በኔትወርክ የተበደለ ሆነ። ኩባንያዎቹ የወሩ ይሻላል፣ ግዢው ይሻላል እያሉ ሲፎካከሩ፣ ሽንፈቱን የሚያምን ተጫዋች ከየት እንደሚያመጡ አንዳቸውም አልጻፉም። ቀስ በቀስ ደንበኞቹም ቀሩ።

ጎረቤቴ ባዶ ወንበሮቿን እያየች፣ «አንተ፣ ያ ያነበብከው ነገር ስለ ልጆቼ ትምህርት ቤት ምን ይላል?» አለችኝ።

ምንም አይልም። አምስት ኪሎ ድረስ ሄጄ ማሽኖቹን የወሰደውን ደላላ አገኘሁት፤ ለማን እንዳሻገራቸው አያስታውስም። አብረዋቸው የሄዱት ጆይስቲኮች ጀርባቸው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባ ነጥብ አለ፤ የቀባችው እሷ ናት።

አንባቢ ሆይ፣ ማሽኖቹ እርስዎ እጅ ገብተው ከሆነ በገዙበት ዋጋ ይመልሱላት። ትርፍ ካማረዎት ከእኔ ይጠይቁ።