ኮፍያውን ያላወለቀው ሰው

ቅዳሜ ከሰዓት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ አንድ የማላውቀው ሰው በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሱሪው ላይ የግድግዳ ቀለም ተፈናጥቋል፤ ጫማው ግን ተወልውሎ፣ ክሩ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። እግሩ አርፎ አይቀመጥም። ኮፍያውም ከራሱ አልወረደም።

«ወንድሜ፣ ጣሪያው አያፈስም እኮ» አሉት አንዲት እናት። ሰው ሳቀ። እሱም ፈገግ ብሎ ኮፍያውን ይበልጥ ወደ ታች ሳበው።

የዕለቱ ንባብ የነቢዩ ሕዝቅኤል ሚስት የሞተችበት ነበር። በሕዝቡ ላይ ለሚመጣው ፍርድ ምልክት እንዲሆን፣ ነቢዩ እንዳያለቅስ፣ ጥምጥሙንና ጫማውንም እንዳያወልቅ ታዘዘ። አስተማሪው ይህን ሲያስረዱ ሰውየው ብድግ አለ፤ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ትእዛዙ ለሁላችንም ነው?»

«ምነው?»

«ባለቤቴን ከቀበርኩ ወር አልሞላኝም። ታላቅ ወንድሜ ይህንኑ አንብቦ፣ ካለቀስክ ፍርዱን መቃወም ነው አለኝ።»

አስተማሪው መነጽራቸውን አወለቁ። «የለም ልጄ። ለዚያ ለአንድ ሰው ነው የተነገረው። እሱም ቢሆን በቀስታ እንዲተክዝ ተፈቅዶለታል።»

«ለእኔ አልተከለከለም?»

«አልተከለከለም።»

ቁጭ አለ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ለመፍታት ታገለ፤ ቋጠሮው እምቢ አለው። ተነሥቼ እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። ልጄ በሕይወት ሳለ ጫማውን የምፈታለት እኔ ስለነበርኩ ቋጠሮ አያቅተኝም። የመጀመሪያው ሲላላ እጄ ላይ ትኩስ ነገር ጠብ አለ። ቀና ሳልል ወደ ሁለተኛው ጫማ ዞርኩ።